ኤችአይቪ ልባሱን የሚጥለው የት ነው? ቫይረስን በሕያው ሕዋስ ውስጥ ስለ መከታተል



ለብዙ ዓመታት ሳስተምረው ከቆየሁት አንድ ስሕተት ልጀምር። ኤችአይቪ ወደ ሕዋስ እንደገባ የዘር ቁሱን የሚከልለውን የፕሮቲን ልባስ፣ ማለትም ካፕሲዱን፣ ብዙም ሳይርቅ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ይጥላል እል ነበር። መጻሕፍቱም ይህንኑ ይሉ ነበር። ምክንያቱም አሳማኝ ነበር፤ የካፕሲዱ ሰፊ ጫፍ 60 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ የኒውክለሱ ሽፋን ቀዳዳ ግን ከሕዋስ ተነጥሎ ሲለካ 40 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ሕዋሳት ተሰባብረው ሲመረመሩም ከቫይረሱ ዘር ጋር ተጣብቆ የሚገኘው የካፕሲድ ፕሮቲን ጥቂት ነበር።

ጉድለቱ ከአለካካቱ ነው። ሕዋሳትን ሰባብረን ይዘታቸውን ስንለካ የምናገኘው አማካይ ነው። ወደ ሕዋስ ከሚገቡት የኤችአይቪ ቅንጣቶች ግን አብዛኞቹ በመንገድ ይቀራሉ፤ ዘራቸውን በሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ ለመትከል የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አማካዩ በዋነኛነት የሚነግረን ስለ ከሸፉት ነው። በታላቁ ሩጫ መካከል የሕዝቡን ፎቶግራፍ አንስቶ አሸናፊው እንዴት እንደሮጠ ለመናገር እንደመሞከር ነው።

አንዱን ቅንጣት ለይቶ ለመከተል ሕዋሱ በሕይወት መቆየት አለበት። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን ነገር ቅርጽ ለይቶ አያሳይም፤ ኤችአይቪ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ሆኖም በሌሊት የኮከብን ስፋት ሳናይ ቦታውን እንደምናውቅ ሁሉ፣ ቫይረሱ ብርሃን እንዲፈነጥቅ ከተደረገ የነጥቡን ማዕከል በአሥር ናኖሜትሮች ደረጃ ማስላት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሃርቫርድ የዢያዎዌ ዡዋንግ ቡድን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶችን አንድ በአንድ ተከትሎ፣ በሕዋሱ የጭነት መንገዶች ላይ ተጭነው ወደ ኒውክለሱ አካባቢ በፍጥነት ሲገሰግሱ አሳየ።

በኤችአይቪ ላይ ግን ፊልሞቹ እርስ በርስ ተጋጩ። አንዱ ልባሱ በሳይቶፕላዝም ይወልቃል፣ ሌላው በኒውክለሱ ቀዳዳ ላይ ይወልቃል አለ። እኔ እንደማምነው የክርክሩ ሥር ምልክቱ ነበር፤ የምናየው ቫይረሱን ሳይሆን የለጠፍንበትን ብርሃን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የተያያዘበትን የካፕሲድ ፕሮቲን ምልክት ከሌለው ጋር ቀላቅለው፣ የመበከል ኃይሉ ያልጠፋ ቫይረስ ሠሩ። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ቀጣዩን እርምጃ ነው። የተከተሉት ነጥብ በእርግጥ የተሳካለት መሆኑን ያወቁት፣ በዚያው ስፍራ የቫይረሱ አርኤንኤ ሲመረት በማየት ነው። እነዚህ ካፕሲዶች ወደ ኒውክለሱ ይገባሉ፤ ልባሳቸውንም የሚጥሉት ዘራቸው ከሚተከልበት ቦታ 1.5 ማይክሮሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ መትከሉ ሊፈጸም ከ1.5 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነው።

የቀዳዳው ጥበትስ? በቀጣዩ ዓመት የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ቶሞግራፊ ሲያዩ፣ ባልተሰበረ ሕዋስ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ከተነጠለው የሰፋ ሆኖ ተገኘ። ሾጣጣ ካፕሲዶችም በውስጡ ታዩ።

ለላቦራቶሪ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ላክል። ብርሃኑ ራሱ ሕዋስን ይጎዳል። ፊልሙ እንዲያምር ብርሃን የሚያበዛ ሰው የሚቀርጸው እየሞተ ያለ ሕዋስ ሊሆን ይችላል። ናሙናውን ከጎን በስስ የብርሃን ንጣፍ የሚያበሩት መሣሪያዎች የተወደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ያም ሆኖ፣ ተበክሎ ግን ያልተቀረጸ ሕዋስ ለንጽጽር ሳታስቀምጡ ፊልም ይዛችሁ አትምጡብኝ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው ሌናካፓቪር የተባለው መድኃኒት የሚጣበቀው በዚሁ ካፕሲድ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከእነዚህ ፊልሞች ተወለደ አልልም። ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋው ይህ መድኃኒት ከሚያሰናክላቸው እርምጃዎች አንዱ፣ በመጻሕፍቱ መሠረት ካፕሲዱ ሊደርስበት የማይችለው ወደ ኒውክለስ የመግባት ጉዞ ነው።