የእግር ጉዞው ብር ለጨቅላው እንዲደርስ

ለበጎ አድራጎት የሚደረግ የእግር ጉዞ አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ይመዘገባል፣ ቲሸርት ይገዛል፣ ይጓዛል፤ ከወጪ የተረፈው ለታሰበው ሥራ ይውላል። በአሜሪካ ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለሕፃናት ጤና ገንዘብ የሚያሰባስበው በዚህ መንገድ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ከሩጫው ጎን ለጎን ለበጎ አድራጎት ያሰባስባል።

በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ቢዘጋጅ ብሩ ምን ላይ ይዋል?

እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 47ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ከእነዚህ 33ቱ አንድ ወር እንኳ አይደፍኑም። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ ሲወለዱ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። እንግዲህ ገንዘቡ መድረስ ያለበት ምጥ ላይና ከምጥ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ላይ ነው።

እንጅባራ ደጋ ናት፤ ብርዷ አይጣል ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ገላውን ማሞቅ አይችልም። መድኃኒቱ የእናቱ ደረት ነው፦ ሕፃኑን ራቁቱን ደረቷ ላይ አጣብቆ በጨርቅ ማሰር። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 የማሞቂያ ማሽን ባጠረበት የቦጎታ ሆስፒታል ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ውጤት፣ ሕፃኑ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወዲያው ሲጀመር ሞትን በሩብ ይቀንሳል። መብራት አይፈልግም። የሚፈልገው ለእናትየዋ አልጋ፣ ለሕፃኑ ኮፍያና ካልሲ፣ ለአስታማሚ ምግብ ነው።

ሌላው ችግር መንገድ ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ወላድ የምትወጣው በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ነው። ስለዚህ የእናቶች ማቆያ ያለው ጤና ጣቢያ ቀኗ የደረሰ ሴት ቀድማ መጥታ እንድታርፍ ያደርጋል። በአማራ ክልል ብዙ ቦታ ሕዝቡ ለማቆያው እህልና ማገዶ ያዋጣል፤ የጉዞው ብር ይህንኑ ቢደግፍ፣ ለአምቡላንስም ነዳጅ ቢሞላ ይበጃል። አዘጋጆች ግን ማሽን መግዛት ይወዳሉ። ለማሽን ሪባን ይቆረጣል፤ ነዳጅ ማን ይመርቃል?

ሕዝብ ለመጥራት አዊ አይቸገርም። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል እንጅባራን በሰው ይሞላታል፤ ለጉዞው ከዚያ የተሻለ ሳምንት አይታየኝም። ተመዝጋቢው ግን ብሩን ከመክፈሉ በፊት ከቲሸርቱ ዋጋ ስንት ብር ለሕፃናቱ እንደሚተርፍ፣ ገንዘቡንም የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚረከብ ይጠይቅ።