መዝገብ በዝቶ ማስረጃ እንዳይጠፋ

የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመርሳ ያለ ቸርቻሪ፣ በወልድያ ላለው ጅምላ ነጋዴ የዕቃ ዋጋ በስልክ ሲልክ ገንዘቡ ከላኪው ወጥቶ ለተቀባዩ ሳይደርስ ቢዘገይ፣ ክርክሩን የሚቈርጠው ምስክር መዝገብ ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው አከፋፈል እየተለመደ ስለ ሄደ፣ የመዝገቡን አያያዝ ማወቅ ለነጋዴውም ይጠቅማል።

ብዙ ደንበኛ በአንድ ጊዜ የሚገለገልበት ሥራ ለአንድ ሰርቨር ስለሚከብድ፣ ሎድ ባላንሰር የሚባለው መሣሪያ በፊት ሆኖ የሚመጣውን ጥያቄ ለብዙ ሰርቨሮች ያከፋፍላል። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ፣ ለየትኛው ሰርቨር እንደ ተላከና ምን መልስ እንደ ተሰጠ ሎግ በሚባል መዝገብ ይጽፋል።

በሲስሎግ ሥርዓት የመዝገብ ደረጃ ከ0 እስከ 7 ነው። 0 መሣሪያው የማይሠራበትን አደጋ፣ 3 ስሕተትን፣ 4 ማስጠንቀቂያን፣ 6 ተራ ማስታወቂያን፣ 7 ለጥገና የሚፈለገውን ጥቃቅን ዝርዝር ያመለክታል። በሴኮንድ 1000 ጥያቄ የሚቀበል መሣሪያ ለእያንዳንዱ 500 ባይት የሚሆን አንድ መስመር ብቻ ቢጽፍ እንኳ በቀን 43.2 ጊጋባይት ይሞላል፤ በ7ኛው ደረጃ ከተተወማ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አራት ሰርቨሮች በየአምስት ሴኮንዱ ደኅንነታቸው ሲመረመር ውጤቱ ሁሉ ቢጻፍም በቀን 69,120 ጥቅም የሌለው መስመር ይከማቻል። ማስቀመጫው ሲሞላ አዲሱ ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይም አሮጌው ይደመሰሳል፤ የሚፈለገው ማስረጃም በዚያው ይጠፋል።

ይሁን እንጂ መዝገብን ፈጽሞ ማሳነስም ጉዳት አለው። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰው የሥርዓት ብልሽት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ባወጡ ጊዜ፣ ባንኩ ተጠያቂዎቹን ለይቶ ለማወቅ የቻለው በዝውውሩ መዝገብ ነው። ይህ የሒሳብ መዝገብ እንጂ የአከፋፋይ መሣሪያ ሎግ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው።

ስለዚህ የመሣሪያውን ሁኔታ የሚመለከተው መዝገብ በዘወትር ቀን በማስጠንቀቂያ ደረጃ ቢወሰን፣ ለእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ግን በተለየ መዝገብ አንድ አጭር መስመር ቢያዝ ይበቃል። የሰርቨሮች ምርመራ የሚጻፈው ሁኔታቸው ሲለወጥ ብቻ ነው። ሰባተኛው ደረጃ ብልሽት ሲፈለግ ለተወሰነ ሰዓት ተከፍቶ ወዲያው መዘጋት አለበት። መዝገቡም ወደ ሌላ መሣሪያ ተልኮ ሊጠበቅ፣ የመሣሪያዎቹም ሰዓት አንድ ሊሆን ይገባል። የደንበኛ ምስጢር ቍጥር ከቶ አይጻፍም፤ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ስለ ወጣ የደንበኛን መረጃ መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታም ሆኗል።

ጠንቃቃ ነጋዴ በዱቤ መዝገቡ ላይ ደንበኛው የተናገረውን ሁሉ አይጽፍም፤ ስሙን፣ ቀኑንና ገንዘቡን ግን አይዘነጋም። የመሣሪያውም መዝገብ በዚሁ ልክ ሲያዝ በክርክር ቀን ባለቤቱን አያሳፍርም።