የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድና የፍርድ ነገር

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የሥራ ፈት ማሳለፊያ ብቻ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ይህ ዐይነቱ ድርሰት ለእውነተኛ ፍርድም የጠቀመበት ጊዜ አለ።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል፥ ሸርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. ለአንባቢ አቀረቡ። ምሳሌ የሆኗቸውም በኤዲንብራ ያስተማሯቸው ዶክተር ጆሴፍ ቤል ናቸው፤ እርሳቸው የበሽተኛውን ሁኔታ በማየት ብቻ ሥራው ምን እንደ ሆነ ይገምቱ ነበር።

በ1903 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ኢዳልጂ የተባለ የሕግ ባለሙያ፥ በሌሊት ፈረስ አቍስለሃል ተብሎ ሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢለቀቅም ስሙ አልነጻም ነበር። ዶይል ማስረጃውን መርምረው፥ ዐይኑ እጅግ የደከመ ሰው በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ይህን ሊፈጽም እንደማይችል በ1907 ዓ.ም. በጋዜጣ አስረዱ። መንግሥትም በዚያው ዓመት ምሕረት ሰጠው፤ ካሳ ግን ከለከለው። የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም በዚሁ ዓመት ሕግ ሲወጣ፥ ይህ ጉዳይ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ።

እንግዲህ መዝገብ ገልጠው በሰው ጉዳይ ላይ ሲወስኑ፥ ወሬውን ትተው ማስረጃውን ይመርምሩ።