በበረዶ አገር የምታሳድር መኪና

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከከተማው ወጣ ሲባል ሮኪ የተባሉት ተራሮች ይቀበላሉ። ልጆችን ይዞ ወደዚያ ለመዝለቅ መኝታና ምግብ ማብሰያ ያላትን፣ በዚያ አገር «አር ቪ» የምትባለውን መኪና መግዛት ያማራቸው ወላጆችም አሉ። ለመሆኑ በበረዶና በኮሮኮንች የሚጓዝ ሰው የትኛዋን ይምረጥ?

ብዙዎቻችን ገበያ ስንወጣ አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት ሰው እንደምታስተኛ ነው። የሶፋው ውበት ያታልለናል። ብርድ ግን መኪናን የሚፈትነው በሶፋው ሳይሆን በውሃዋ፣ በማሞቂያዋና በክብደቷ ነው።

ከውሃው እንጀምር። ውሃ በ0 ዲግሪ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ሲሆንም ይሰፋል። ቧንቧ የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ተመልከቱ። የውሃው ጋንና ቧንቧው ከወለሉ በታች ለነፋስ ተጋልጠው ከሆነ፣ ለውዱእም ለሻይም ውሃ የማይገኝበት ንጋት ይጠብቃችኋል።

ቀጥሎ ጋዙ ነው። ቡታን ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ሲል መትነኑን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይተናል። ለብርድ የሚመረጠውም እርሱ ነው። ናፍጣም እንደ ቅቤ ይረጋልና ለበረዶ ወራት የተዘጋጀውን ቅዱ። ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል ሲሞላ ይጎዳል፤ ቦታው ሙቀት ካለበት ከውስጥ ይሁን።

ስለ ክብደት ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በአራቱም ጎማ መነዳት መኪናዋን ከጭቃና ከበረዶ ያወጣታል እንጂ ቁልቁለት ላይ አያቆማትም። የሚያቆማት ጎማውና ቀላልነቷ ነው። በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በዚሁ መንገድ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ ለወቅቱ የሚመጥን ጎማ የሌለው ተሽከርካሪ ሰንሰለት እንዲይዝ ሕጉ ያዛል። የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ጎማ ፈልጉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የትንፋሽ ጉዳይ ነው። በአገራችን ከሰል አያይዘው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ የለም። በመኪናም ያው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ ማሞቂያው አየር ከውጭ የሚስብ፣ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያስወጣ ይሁን። የጭስ መውጫውን በረዶ እንዳይደፍነው ተመልከቱ። ምድጃ ለማብሰያ እንጂ ለመሞቂያ አይደለም። ጋዙን የሚያስጠነቅቅ ደወል ሳይኖር ልጆች አይተኙባት።

በመጨረሻም፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ተመሳሳይ መኪና ተከራዩና ከቤታችሁ ሳትርቁ አንድ ብርዳማ ሌሊት እደሩባት። ሻጩ ያልነገራችሁን ያ ሌሊት ይነግራችኋል። መኪናዋ ትንሽ ብትሆን ግድ የለም፤ ዋናው ልጆች በሰላም የሚነቁባት መሆኗ ነው።