ፎርማት ከመባሉ በፊት

ጋይንት የዜማ አገር ነው። ድጓ የተማረ ሰው ከየትም ይምጣ ከየት፣ አስመስክሮ መምህር የሚባለው የጋይንቱ ቤተ ልሔም ገብቶ ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ እዚያው ጋይንት ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። በአገሩ ልማድ ድጓ በጆሮ ብቻ አይያዝም። ተማሪው በእጁ ይጽፈዋል፣ ምልክቱን ከቃሉ በላይ እያኖረ ከመምህሩ ፊት ያርመዋል፤ መጽሐፉ የዓመታት ድካም ነው። ዛሬ ከብራናው አጠገብ ላፕቶፕም አለ። የየኔታን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግር፣ በፓወር ግዕዝ የሚተይብ፣ የብራና ገጽ ፎቶ እያነሳ የሚያስቀምጥ ደቀ መዝሙር ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የወረዳ ሠራተኛውም፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊዋም፣ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩም እንዲሁ ናቸው፤ የዓመታት ሥራቸው አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ታጭቋል።

ታዲያ አንድ ማለዳ ላፕቶፑ ይበራል፣ የአምራቹ አርማ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ»፣ ወይም «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ»፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተጫነበት ከሆነ ደግሞ «ግራብ ሬስኪው»። ባለቤቱ ንፋስ መውጫ ወይም ደብረ ታቦር ወዳለ ጥገና ቤት ይዞት ይሄዳል። ባለሙያው አንዴ አየት ያደርግና፣ «መሪጌታ፣ ሲስተሙ ወድቋል፤ ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንልዎት?» ይላል። መሪጌታም ስለ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ምን ያውቃሉ፤ «እንዳልክ አድርግ ልጄ» ይላሉ። በግማሽ ቀን ላፕቶፑ እንደ አዲስ ሆኖ ይመለሳል። እንደ አዲስ ማለት ባዶውን ማለት ነው። በዚያ ግማሽ ቀን ከጠፋው ውስጥ ብዙው መጥፋት ያልነበረበት ነው፤ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ፋይሉ ከነሙሉ አካሉ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ፣ የጠፋው ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ኮምፒውተር ገና ሲበራ ምንም አያውቅም። ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻው ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማም። መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ በተተከለች ቺፕ ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም ነው፤ በቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ባዮስ ይባላል፣ በአሁኖቹ ዩኢኤፍአይ። እሱም ራሙን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ይፈትሽና ሥራውን የሚያስረክበው ይፈልጋል። በባዮስ ዘመን የሚያየው አንድ ቦታ ነበር፤ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት። ከዚህ ውስጥ 446ቱ የማስነሻው ኮድ፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት በፓርቲሽን እንደተከፈለ የሚናገር ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2ቱ ማኅተም ናቸው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ 3 ባይት ይወስዳልና፣ 446 ባይት ማለት 148 ፊደል ማለት ነው፤ አጭር የሰላምታ ደብዳቤ እንኳ አይገባበትም። ስለዚህ ያ ኮድ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ቦታ ያለውን ተለቅ ያለ ፕሮግራም ይጠራል።

ዩኢኤፍአይ ይህን ጥበት አስቀርቶታል። አሁን ለማስነሻ ፋይሎች የተለየች ትንሽ ፓርቲሽን አለች፤ ዊንዶውስ ሲጭኑት ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ባይት ቆርሶ ይሠራታል። ማዘርቦርዱም የትኛው ፋይል ቀድሞ እንደሚነሳ በራሱ ማስታወሻ መዝግቦ ይይዛል። በዊንዶውስ ይህን ሥራ የሚሠራው ቡት ማኔጀር ነው፤ በሊኑክስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ግራብ ነው። በማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ ሁሉ ዜማውን ያውቁታል፤ ነገር ግን መሪው ካልመራ ተቀባዩ አይቀበልም። ቡትሎደርም መሪ ነው። ሲጠፋ ዊንዶውሱ ከነፕሮግራሙ፣ ሰነዱ ከነፎልደሩ በቦታቸው ቆመው የሚያስጀምራቸው ያጣሉ።

የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ ሳለ መብራት ይሄዳል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ እዚያው ቀጥ ይላል። ወይም ባለቤቱ ፓርቲሽን ሲያሰፋና ሲያጠብ የማስነሻዋን ፓርቲሽን ይሰርዛታል። ሊኑክስ ባለበት ዲስክ ላይ ዊንዶውስ እንደገና የጫነ ሰው ደግሞ ግራብን ከተራ ያስወጣዋል። አንዳንዴ ጥፋቱ ከሩቅ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ማይክሮሶፍት ያወጣው የጥበቃ ማሻሻያ፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን በተጫኑባቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሊኑክሱን ማስነሻ «አላምንህም» ብሎ አስቁሞታል። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ክራውድስትራይክ በተባለ የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ ስህተት በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች አንነሳም ብለው አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ሥራ ፈትተው ዋሉ። ያኛው የቡትሎደር ችግር አልነበረም፤ ማዳኛው ግን የዚሁ ወገን ነው። አንድ የተበላሸ ፋይል በእጅ መሰረዝ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ማይክሮሶፍትም በቀናት ውስጥ ከፍላሽ የሚነሳ የማዳኛ መሣሪያ አወጣ። ያን ሁሉ ኮምፒውተር ፎርማት እናድርግ ያለ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ሥራውን ያጣ ነበር።

ይህ ከፍላሽ የሚነሳ ማዳኛ በሊኑክስ ሰፈር ላይቭ ይባላል፤ ቆየት ያለ ነገር ነው። ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ክኖፒክስን ሲያወጣ አንድ ሲዲ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሆኖ ተነሳ፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ምንም ሳይጫን። ኋላ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ መጣ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስም ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ዛሬ ቦታውን ፍላሽ ይዞታል። ፍላሹ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንደ አምራቹ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኤስኬፕ ተጭኖ ከፍላሹ እንዲነሳ ይታዘዛል፣ በደቂቃዎች ውስጥም መስኮቱና ማውሱ ይመጣሉ። ሲስተሙ የሚሠራው ራም ላይ ነው። የታመመው ዲስክ ካልነኩት አይነካም፤ የዚህ ሁሉ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ጥገና አይጀመርም። ፋይል ማኔጀሩ ይከፈታል፣ የላፕቶፑ ዲስክ ይመረጣል፣ ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ሰነዶቹ ይፈለጋሉ። መሪጌታ ድጓው ጠፋ ብለው ከተከዙ ከአፍታ በኋላ የፋይሉን ስም በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ወደ ሌላ ኤክስተርናል ዲስክ ይቀዳል። ዊንዶውሱ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ከሆነ ሊኑክሱ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል፤ ለመቅዳት ይህም ይበቃል። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ቢትሎከር የሚባል ቁልፍ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር የግድ ነው። ቁጥሩን ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ወይም ወረቀት ላይ ካላገኛችሁት ማንም ባለሙያ ሊከፍተው አይችልም፤ እከፍታለሁ የሚል ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከዚያ ጥገናው። ዲስኩ ላይ ያለው ሊኑክስ ከሆነ ተርሚናል ተከፍቶ ትእዛዝ በላቲን ፊደል ይተየባል። «ኤልኤስቢኤልኬ» ሲባል ዲስኮቹ ይዘረዘራሉ፦ ለምሳሌ ኤስዲኤ ከነመጠኑ፣ ከሥሩ ኤስዲኤ 1፣ ኤስዲኤ 2፤ ፍላሹ ደግሞ ኤስዲቢ ሆኖ ይታያል። መጠኑን አይቶ መለየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቡትሎደሩን የራስ ፍላሽ ላይ ጭኖ መገረም ይመጣል። ሲስተሙ ያለበት ፓርቲሽን በ«ማውንት» ይከፈታል፣ የማስነሻዋም ፓርቲሽን በቦታዋ ትገባለች፤ ዴቭ፣ ፕሮክና ሲስ የሚባሉት ፎልደሮችም ከላይቩ ወደ ውስጥ ይያያዛሉ። ቀጥሎ «ቻሩት»። እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኒክስ ላይ የታየ አሮጌ ትእዛዝ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚተየበው ሁሉ ያ የታመመው ሲስተም ራሱ ተነስቶ የሚሠራው ይመስላል። በሽተኛው ተኝቶ ሳለ በራሱ እጅ ራሱን ያክማል፤ እኔ ከዚህ ሙያ ሁሉ የማደንቀው ይህችን ትእዛዝ ነው። አሁን «ግራብ-ኢንስቶል» ይባላል። ትንሽ ዝም ይልና «ኢንስታሌሽን ፊኒሽድ፤ ኖ ኤረር ሪፖርትድ» የሚል መስመር ይወጣል። በመጨረሻም «አፕዴት-ግራብ»፤ ያገኛቸውን ሲስተሞች አንድ በአንድ እየጠራ ዝርዝሩን ይጽፋል። ይዘጋል፣ ፍላሹ ይነቀላል፣ ይበራል።

ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም በዩኢኤፍአይ የተጫነ ከሆነ ፍላሹም በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት። ፍላሹ በአሮጌው በባዮስ መንገድ ከተነሳ ጥገናው ትክክል መስሎ ያልቅና ኮምፒውተሩ እንደገና እምቢ ሊል ይችላል። ትእዛዝ መተየብ ለሚፈራ ቡት ሪፔር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ላይቭ ኡቡንቱ ላይ ይጫንና በአንድ ቁልፍ ሥራውን ለመጨረስ ይሞክራል፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል።

የዊንዶውስ ማስነሻ የሚጠገነው በራሱ በዊንዶውስ የመጫኛ ፍላሽ ነው። «ኢንስቶል» በሚለው ፈንታ «ሪፔር» የሚለውን መንካት ነው፤ ያቺን መስመር ስንቱ ባለሙያ ሳያያት አልፏል! መጀመሪያ «ስታርታፕ ሪፔር» ይሞከራል። እምቢ ካለ ኮማንድ ፕሮምፕት ይከፈትና ለአሮጌው ዓይነት «ቡትሬክ»፣ ለአዲሱ «ቢሲዲቡት» ይታዘዛል። እዚያ ውስጥ ሲ የነበረው ድራይቭ ዲ ወይም ኢ ተብሎ ሊመጣ ስለሚችል ዊንዶውስ የሚባለው ፎልደር የት እንዳለ ሳያረጋግጡ አይታዘዝም።

ችግሩ ሁልጊዜ ቡትሎደር ነው ማለት አይደለም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ከፈጀ፣ እየሞተ ያለው ራሱ ዲስኩ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥገና የሚባል ነገር አይሞከርም፤ «ዲዲሬስኪው» በሚባለው መሣሪያ ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል፣ የቀረው ሁሉ ከግልባጩ ላይ ይሠራል። የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ብቻ ከጠፋ ቴስትዲስክ ሊመልሰው ይችላል። ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት በኋላ ግን የተጻፈበት ቦታ አይመለስም፤ ኤስኤስዲ ከሆነማ ተስፋው በጣም የመነመነ ነው።

ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ደንበኛው የሚከፍለው ዊንዶውስ ለተጫነበት እንጂ አንድ ሰዓት ለተመረመረበት አይደለም፤ ፎርማት ደግሞ ውጤቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለምርመራውም ይከፈል፤ የዓመታት ጽሑፍ ከአንድ መጫኛ ዋጋ ይበልጣል።

ፍላሹን ማዘጋጀት ከባድ ሥራ አይደለም። 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ይበቃል፤ ምስሉን የሚጽፈው ሩፈስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ፍላሹ ላይ የነበረው ግን ሁሉ ይጠፋል። የኡቡንቱ ምስል ብዙ ጊጋ ባይት ስለሆነ ከስማዳው ወገዳ ወይም ከእስቴው መካነ ኢየሱስ ሆኖ በስልክ ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ሲስተም ሬስኪው የሚባለው ለዚሁ ሥራ የተሰናዳ በመሆኑ በጣም ያንሳል። ሁለቱም በነፃ የሚገለበጡ ናቸው፤ ፈቃዳቸው ይህን በግልጽ ይላል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአገሩ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ አንድ ይዞ ቢመጣ ለቀበሌው ሁሉ ይዳረሳል።

እስከዚያው ጥገና ቤት ስትገቡ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ፋይሌን አስቀድመህ አውጣልኝ» ይሁን። የወጣው ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ በዓይናችሁ ሳታዩት ፎርማት እንዲደረግ አትፍቀዱ።