ዋጋው ቁርጥ የሆነበት ቤት

ቶክዮ ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው መንገደኛ ሺቡያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ አሳኩሳ ቤተ መቅደስ ይሮጣል፣ ለዕቃ ግዢ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ሲመሽ ሲያስበው ከሁሉ አብልጦ ያየው ባቡር ነው። እኔን ቢያማክረኝ አንድ ሕንፃ ይበቃሃል እለዋለሁ። በጊንዛ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ይሳፈርና ሚትሱኮሺማዬ ላይ ይውረድ። የጣቢያው ስም «ከሚትሱኮሺ ፊት ለፊት» ማለት ነው፤ ያልኩት ሕንፃም ይኸው ሚትሱኮሺ የተባለ ታላቅ መደብር ነው። በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት የግንባታውን ወጪ የሸፈነው መደብሩ ራሱ ነበር፤ ደንበኛው ከባቡር ወርዶ ዝናብ ሳይነካው ይገባል።

ነገሩ የተጀመረው ግን በ1673 ነው። ሚትሱይ ታካቶሺ የሚባል፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ የማትሱሳካ ነጋዴ፣ ያኔ ኤዶ በምትባለው ቶክዮ «ኤቺጎያ» የተሰኘ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። በዚያን ጊዜ ትልልቆቹ የሐር ነጋዴዎች ሱቅ ተቀምጠው ገዢ አይጠብቁም፤ ሸቀጡን አሸክመው ወደ መሳፍንቱና ወደ ባለጸጎቹ ቤት ይሄዳሉ። ዋጋው እንደ ገዢው ፊት ይለያያል። ሽያጩ በዱቤ ነው፤ ገንዘቡ የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ስለሆነ የጥበቃው ወለድ አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይጫናል። ታካቶሺ ይህን ሁሉ ገለበጠው። እጅ በእጅ ካልሆነ አልሸጥም አለ፤ ዋጋውንም ለጌታውም ለሎሌውም አንድ አደረገ። ሌሎቹ ሙሉ ጣቃ ካልወሰድክ ሲሉ እሱ የተፈለገውን ያህል እየቀደደ ሸጠ። «የመጨረሻውን ንገረኝ» እያልን ላደግን ሰዎች ነገሩ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ለኤዶ ተራ ነዋሪ ግን ሐር ያለ ሀፍረት የሚጠየቅበት ሱቅ ተገኘለት ማለት ነበር። የሙያ አጋሮቹ አድመው አላስቀምጥ ሲሉት በ1683 ሱቁን ወደ ሱሩጋ ሰፈር አዛወረ። የዛሬው የሚትሱኮሺ ዋና መደብር የቆመው እዚያው አካባቢ፣ ኒሆንባሺ በሚባለው ሰፈር ነው።

በ1904 ቤቱ ሚትሱኮሺ ተባለ፤ ከሚትሱይና ከኤቺጎያ የተቀጠለ ስም ነው። ከእንግዲህ እንደ ምዕራባውያን ታላላቅ መደብሮች ሁሉንም ዓይነት ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚሸጥ አስታወቀ። በ1914 አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነበረው፤ በሩ ላይም የለንደኑን ትራፋልጋር አደባባይ አንበሶች የመሰሉ ሁለት የነሐስ አንበሶች ተቀመጡ። አሁንም አሉ፤ ማንም ሳያይ ጀርባቸው ላይ የወጣ የተመኘው ይሰምርለታል ይባላል። በዚያ ሕዝብ መካከል ማንም ሳያይ መውጣት እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም።

የ1923ቱ የምድር መናወጥና ቃጠሎ መደብሩን ክፉኛ ጎዳው። እስከዚያ ድረስ ደንበኛ እንደ ቤቱ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው፤ ከአደጋው በኋላ ግን መደብሮቹ ጫማን ይዞ መግባት ፈቀዱ። ገበሬውም ተማሪውም ጎራ ማለት የደፈረው ከዚህ ወዲህ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1930 ደግሞ የምግብ አዳራሹ ለልጆች ብቻ የተሰናዳ ሳህን አወጣ፤ እንደ ተራራ የተከመረ ሩዝ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ባንዲራ የተሰካበት። ዛሬ ባንዲራ የተሰካበት የልጆች ሩዝ በመላው ጃፓን የታወቀ ነው።

እንግዲህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በሩ ላይ ቆመናል እንበል። በሩ ሲከፈት ሠራተኞቹ ግራና ቀኝ ቆመው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ አንድ ካልሲ ለመግዛት የመጣ ሰው ደንገጥ ይላል። መካከለኛው አዳራሽ እንደ ገቡ 11 ሜትር ገደማ የምትረዝም የሰማይ እመቤት በቀለም ደምቃ ትቀበልዎታለች። ቀራጩ ሳቶ ጌንጌን ሲሆን የተመረቀችው በ1960 ነው። በእኔ ዓይን ጌጧ ከልክ ያለፈ ነው፤ ሆኖም ዓይንን ከእርሷ መንቀል ይከብዳል። ከወደ ላይ በ1930 ከአሜሪካ የመጣ ኦርጋን አለ፤ ቅዳሜና እሁድ ሲጫወት ገበያተኛው እጁ ላይ ከረጢቱን እንዳንጠለጠለ ቀና ብሎ ያዳምጣል። ጣሪያው ላይ ደግሞ የአትክልት ቦታና የሚትሱይ ቤተሰብ የሚያከብረው የሚሜጉሪ መቅደስ ቅርንጫፍ ይገኛሉ።

የሚገዙት ትንሽ ነገር ቢሆንም መጠቅለያ ወረቀቱን አይጣሉት። በነጭ ላይ ቀይ ቅርጽ ያረፈበት ይህ ወረቀት በ1950 የወጣ የሰዓሊው ኢኖኩማ ጌኒቺሮ ሥራ ነው፤ መነሻው ባሕር ዳር ያያቸው፣ ማዕበል የሞረዳቸው ድንጋዮች ነበሩ። የመደብሩን ስም በእጁ የጻፈበት በወቅቱ እዚያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ያናሴ ታካሺ ነው፤ በኋላ ፊቱ ዳቦ የሆነውን አንፓንማንን ፈጥሮ በጃፓን ልጆች ዘንድ የታወቀው ሰው። ፓስፖርትም አይርሱ፤ ያለ እርሱ የጎብኚ የግብር ቅናሽ የለም።

ይህ ዓይነቱ ቤት በክፍለ አገር እየተመናመነ ነው። በ1700 የተመሠረተው የያማጋታው ኦኑማ በጥር 2020 ሲከስር ያማጋታ እንዲህ ያለ ታላቅ መደብር የሌላት የመጀመሪያዋ የጃፓን ክፍለ አገር ሆነች። ሚትሱኮሺም ራሱ በ2008 ኢሴታን ከተባለ ሌላ የመደብር ድርጅት ጋር ተዋህዷል።

ሲመሽ ወደ ምድር ቤቱ ይውረዱ። ጃፓኖች «ዴፓቺካ» ይሉታል፤ የመደብር ምድር ቤት ማለት ነው፣ የምግቡም ዓለም ነው። ጣፋጩ፣ የዓሣ ጥብሱ፣ በሳጥን የተሰናዳው ምሳ ከመስተዋት ኋላ ተደርድሯል። ጃፓን ውስጥ ቡና የሚሸጥባቸው መደርደሪያዎች ላይ «ሞካ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ቀረብ ብለው ያንብቡ፤ ከሥሩ ሲዳሞ ወይም ሐረር የሚል ቃል ያገኙ ይሆናል። መዝጊያው ሲቃረብ እንዲህ ባሉ ምድር ቤቶች ብዙ ሻጮች ለነገ የማያድረውን ምግብ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ገዢው ግን አንድም ቃል አይከራከርም፣ ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል።