ከሞገዱ ያነሰውን ማየት

ከደብረ ታቦር አንድ የፊዚክስ ተማሪ «የአንድ አቶም ውፍረት ባለው ግራፊን ውስጥ ኤሌክትሮን ሲሮጥ በምን ይታያል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ደስ ስላሰኘኝ መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው።

እንደ ግራፊን ባለ ስስ ገበታ ወይም በናኖ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሁኔታቸውን የሚቀይሩት ብዙ ጊዜ ከአንድ ፒኮ ሰከንድ በታች ነው፤ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ማለት ነው። የ1 ቴራኸርዝ ብርሃን አንዴ የሚወዛወዘውም በዚያችው ቅጽበት ነው። ጉልበቱ ትንሽ በመሆኑ ነፃ ኤሌክትሮኖችን ይነካካል እንጂ ከአቶም አይነቅልም። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል!

ችግሩ ሞገዱ 0.3 ሚሊ ሜትር መርዘሙ ነው። ሌንስ ደግሞ ብርሃንን ከሞገዱ ግማሽ ገደማ በታች ማጥበብ አይችልም። ስለዚህ ሌንሱ ይቀርና ጫፏ በአሥሮች ናኖ ሜትሮች የሚለካ የብረት መርፌ ወደ ናሙናው ትጠጋለች። መብረቅ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመን ዛፍ እንደሚመርጥ ሁሉ የብርሃኑ ኤሌክትሪክ መስክም ጫፏ ላይ ይከማቻል። መርፌዋ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ከእሷ ጋር እኩል የሚዋዥቀው ብርሃን ብቻ ተለይቶ ሲነበብ፣ የሚታየው ከሥሯ ያለችው ነጥብ ናት።

ጊዜውስ? አንድ የሌዘር ምት ኤሌክትሮኖቹን ይቀሰቅሳል፤ የቴራኸርዙ ምት ዘግይቶ ደርሶ ያያቸዋል። የዘገየውን ምት የሚመልሰውን መስታወት 1.5 ማይክሮ ሜትር ወደ ኋላ ብትገፉት ብርሃኑ ደርሶ መልስ 3 ማይክሮ ሜትር ይጨምራል፣ 10 ፌምቶ ሰከንድ (የፒኮ ሰከንድ መቶኛ) ይዘገያል። ጊዜ በርቀት ይለካል፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በጀርመን ሬገንስበርግ የሩፐርት ሁበር ቡድን ድግግሞሹን ከፍ አድርጎ አንድ የኢንዲየም አርሴናይድ ናኖ ሽቦን በዚህ መንገድ ተመለከተ። በሽቦው ገጽ አጠገብ ከኤሌክትሮን የተራቆተ ንጣፍ ከ50 ፌምቶ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሲፈጠር አየ።

ሌላም ችግር አለ፦ የውሃ ተን ቴራኸርዝን ይውጣል። የጉና ተራራ ጉም ለብሶ በሚከርምበት የእኛ ክረምት ጨረሩ ብዙ ይጎዳል፤ ላቦራቶሪዎች መንገዱን በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን የሚሞሉት ለዚህ ነው።

መሣሪያው ውድ ነው። ግን ልኬቱን ለመተርጎም ስሌት ያስፈልጋል፣ ለስሌቱም ኳንተም ኤስፕሬሶን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ይህን ሙያ የሚያስተምረው የአፍሪካ ትምህርት ቤት፣ አሴስማ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ለጠየቀኝ ተማሪ፦ ከግራፊን ጀምር። ተደጋጋሚ ክፍሉ ሁለት አቶም ብቻ ስለሆነ የኃይል ባንዶቹን ለማስላት ተራ ላፕቶፕ ይበቃሃል።